ሶሱ ለምን ቀጠነ? ውሃውን ጠይቁ

በርገሩ ጥሩ ነበር። ዳቦው ተጠብሷል፣ ሥጋው ጭማቂውን እንደያዘ ነው፣ ችፕሱም ጥርስ ላይ ቀጭ ቀጭ ይላል። ሶሱን ቤት ነው የሠራሁት። ሳህኑ ላይ ጣል ሳደርገው ግን ዙሪያውን ቀላ ያለ ውሃ አቆረ። እንግዳዬ በርገሩን ሲያነሳ የታችኛው ዳቦ አብሮ አልተነሳም። ረስርሶ ሳህኑ ላይ ተለጥፎ ቀረ። "ችግር የለም፣ በሹካ እበላዋለሁ" አለኝ። የ3 ሰዓት ልፋቴን የምር ውሃ በላው።

ከዚያ ወዲህ ሶስ ስሠራ ገና ሳልጀምር አንድ ነገር እጠይቃለሁ፦ ውሃው የት ነው ያለው?

ነገሩ ተራ ጥያቄ ይመስላል። ግን የማዮኔዝ መፍረስ፣ የካቻፕ ውሃ ማቆር፣ የሰናፍጭ ኃይል ማጣት፣ የቺዝ ሶስ መጓጎል፣ የዳቦ መላሸቅ ሁሉም ዞሮ ዞሮ እዚያው ይገባሉ። የአሠራር መመሪያዎች ስንት ማንኪያ እንደሚገባ ይነግሯችኋል። ለምን እንደሚገባ ግን ብዙ ጊዜ ዝም ይላሉ። ለምኑን ካወቃችሁ ማንኪያውን ራሳችሁ ትወስናላችሁ።

ማዮኔዝ፦ የማይዋደዱትን ማስታረቅ

ከማዮኔዝ ልጀምር። የብዙዎቹ ሶሶች መሠረት እሱ ነው፣ ሰው በብዛት የሚፈራውም እሱን ነው።

ውሃና ዘይት ጠርሙስ ውስጥ ከታችሁ የቱንም ያህል ብትንጡ ትንሽ ቆይተው ይለያያሉ። ዘይቱ ከላይ፣ ውሃው ከታች። ማዮኔዝ ውስጥ ግን አብረው እንዲቀመጡ ተደርገዋል። አስታራቂው የእንቁላል አስኳል ነው። አስኳል ውስጥ ሌሲቲን የሚባል ንጥረ ነገርና የተለያዩ ፕሮቲኖች አሉ። በአንድ ወገናቸው ውሃ ይወዳሉ፣ በሌላው ዘይት። ስለዚህ በዘይቷ ጠብታና በውሃው መካከል ይገቡና ጠብታዋን እንደ ቆዳ ይሸፍኗታል። የተሸፈኑ ጠብታዎች ቢገፋፉም ቶሎ መልሰው አይዋሃዱም።

አሁን አንድ እንቆቅልሽ። ዘይት ይፈሳል። ሎሚ ይፈሳል። አስኳልም ይፈሳል። ሦስት የሚፈሱ ነገሮችን ቀላቅላችሁ ማንኪያ የሚያቆም ነገር ከየት መጣ?

ከመጨናነቅ ነው። እኩል መጠን ያላቸውን ኳሶች ሳጥን ውስጥ የቻላችሁትን ያህል አስተካክላችሁ ብትደረድሩ፣ ኳሶቹ የሚይዙት ከቦታው 74 በመቶ ገደማ ነው። ቀሪው ክፍተት ነው። ማዮኔዝ ውስጥ የዘይት ጠብታዎቹ እዚህ ቁጥር አጠገብ ይደርሳሉ፣ ቤት ሲሠራ ደግሞ ብዙ ጊዜ ያልፉታል። ሰው ጢም ብሎ የሞላበት አውቶቡስ ውስጥ ማን ወዴት ይሄዳል? ጠብታዎቹም እንደዚያ ይቆለፋሉ። ለዚህ ነው ማዮኔዝ ዘይት በጨመራችሁበት ቁጥር የሚወፍረው። ጀማሪ ሁሉ ተቃራኒውን ነው የሚገምተው። "ቀጥኗልና ዘይት ይብቃው" ብሎ ያቆማል። ሲቀጥን ዘይት ነው የሚጨመረው፣ ሲወፍር ደግሞ ውሃ።

መጠኑ ይኸው፦ 1 አስኳል፣ 1 የሾርባ ማንኪያ ሎሚ ወይም አቸቶ፣ 1 የሻይ ማንኪያ ሰናፍጭ፣ ቁንጥር ጨው፣ 200 ሚሊ ሊትር ብዙ ጣዕም የሌለው ዘይት። የአንድ ትልቅ እንቁላል አስኳል 18 ግራም ያህል ይመዝናል። ግማሹ ውሃ ነው። እንግዲህ ያን ሁሉ ዘይት የሚሸከመው የዚህችው አስኳል ውሃና የሎሚዋ ጭማቂ ነው። ሰናፍጩ ለጣዕም ብቻ አይደለም የገባው፤ እሱም ጠብታዎቹን በመያዝ ያግዛል።

ከዘይቱ በስተቀር ሁሉንም ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ ምቱ። ሳህኑ እንዳይሽከረከርባችሁ ከሥሩ እርጥብ ጨርቅ አንጥፉ። ከዚያ ዘይቱን ጠብ ጠብ አድርጉ። የምሬን ነው፣ ጠብ ጠብ። የመጀመሪያዎቹ 2 ወይም 3 የሾርባ ማንኪያዎች ላይ ነው ሁሉ ነገር የሚወሰነው። ዓይናችሁን ከሳህኑ አትንቀሉ። መጀመሪያ ቢጫ ፈሳሽ ነው፤ መምቻው ሲያልፍበት ወዲያው ይገጥማል። ቀስ እያለ ቀለሙ ይገረጣል። ከዚያ መምቻው ያለፈበት መስመር ለአፍታ ሳይጠፋ ይቆያል። ድምፁም ይለወጣል፤ መንቦጫረቁ ያቆምና ለስለስ ያለ፣ የታፈነ ድምፅ ይሆናል። እዚህ ከደረሳችሁ ዘይቱን እንደ ቀጭን ክር ማውረድ ትችላላችሁ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የተባለው እኔን ከጠየቃችሁኝ ስለ ማዮኔዝ ነው።

ቸኩላችሁ ዘይቱን ገልበጥ ስታደርጉት ምን ይፈጠራል? መምቻው ዘይቱን ወደ ጠብታ ለመበታተን አይደርስም። ዘይቱ ጠብታ መሆኑ ይቀርና ራሱ ባሕር ይሆናል፤ ውሃው ደግሞ በውስጡ የሚንሳፈፍ ጠብታ። የተቆራረጠ፣ ዘይት ያዘለ ሾርባ የመሰለ ነገር ታያላችሁ። ፈርሷል።

አትድፉት። ንጹህ ሳህን ውስጥ 1 የሻይ ማንኪያ ውሃ ወይም ሰናፍጭ አድርጉ፤ አዲስ አስኳል ካላችሁ ደግሞ እሰየው። የፈረሰውን እንደ ዘይት ቆጥራችሁ በጥቂት በጥቂቱ እየመታችሁ አስገቡት። ይመለሳል። እኔ በዚህ መንገድ ያዳንኩት ማዮኔዝ በመጀመሪያው ሙከራ ከተሳካልኝ ይበልጣል። ሌላም ምልክት አለ፦ በጣም ወፍሮ ጠርዙ ላይ ዘይት ማብለጭለጭ ከጀመረ ሊፈርስ ነው ማለት ነው። ውሃው አልቆበታል። 1 የሻይ ማንኪያ ውሃ ወዲያው ይመልሰዋል።

ዘንግ የሚመስለው የእጅ ብሌንደር ካላችሁ ይህ ሁሉ ጭንቀት ቀላል ነው። ከብሌንደሩ ጭንቅላት ብዙም የማይሰፋ ረጅም ብልቃጥ ፈልጉ። እንቁላሉን ሙሉውን፣ ከነነጩ፣ ከሎሚውና ከሰናፍጩ ጋር ከታች፤ ዘይቱን ከላይ። ብሌንደሩን እስከ ታች አስነክታችሁ ሳታነሱ 10 ሰከንድ ያህል አብሩት። ከሥር ነጭ ነገር ሲፈላ ሲወጣ ታያላችሁ። ከዚያ ቀስ አድርጋችሁ ወደ ላይ ሳቡት። ዘይቱ ከላይ ስለሚንሳፈፍ በራሱ ጊዜ በጥቂቱ እየወረደ ይገባል። ጠብ ጠቡን ብሌንደሩ ይሠራላችኋል ማለት ነው። አንድ ነገር ብቻ፦ ጣዕሙ ጠንከር ያለውን የወይራ ዘይት በብሌንደር አትምቱት። ብሌንደሩ ሲፈጨው ምሬቱ ይወጣል። ከወደዳችሁት መጨረሻ ላይ 1 ወይም 2 ማንኪያ በእጅ ጨምሩ።

ስለ ጥሬ እንቁላል ሳልናገር አላልፍም። ጥሬ እንቁላል ሳልሞኔላ የሚባል በሽታ አምጪ ባክቴሪያ ሊኖረው ይችላል። ሕፃን፣ ነፍሰ ጡር፣ በዕድሜ የገፋ ወይም የታመመ ሰው ካለ ጥሬውን አትጠቀሙ። መፍትሔ አለው። አስኳሉን ከ2 የሾርባ ማንኪያ ውሃና ከሎሚው ጋር ቀላቅሉ። የሚፈላ ውሃ ባለበት ድስት አፍ ላይ በተቀመጠ ሳህን ውስጥ፣ እጃችሁ ሳያቋርጥ እያማሰላችሁ 71 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ድረስ አሙቁት። ውሃውና ሎሚው አስኳሉ ቶሎ እንዳይረጋ ያዘገዩታል። ሲበርድ በዘይቱ ቀጥሉ። ቴርሞሜትር ከሌላችሁ እንቁላሉን ጭራሽ ተዉት፦ 100 ሚሊ ሊትር ቀዝቃዛ ወተት፣ 200 ሚሊ ሊትር ዘይት፣ ጨውና ጥቂት ሎሚ በዚያው ብሌንደር። እዚህ ላይ አስታራቂው የወተቱ ፕሮቲን ነው። እንስሳ ነክ ነገር ለማይበላ ሰው ደግሞ የተቀቀለ ሽምብራ ውሃ ያንኑ ሥራ ይሠራል።

በጥሬ እንቁላል የተሠራ ማዮኔዝ ፍሪጅ ውስጥ ከ3 ወይም ከ4 ቀን በላይ አይቆይ። ማቀዝቀዣው በረዶ ቤት ውስጥ ደግሞ አትክተቱት። የሚጋገረው በረዶ የጠብታዎቹን ቆዳ ይበሳል፤ ሲቀልጥ የምታገኙት ዘይትና ውሃ ነው።

ካቻፕ፦ ውሃን ማባረር

ካቻፕ መጀመሪያ ቲማቲም አልነበረውም። ቃሉ በደቡብ ቻይና ከሚነገረው የሆኪየን ቋንቋ እንደመጣ ይነገራል፤ ትርጉሙም የዓሣ ሶስ ነው። እንግሊዞች ነገሩን ወደውት ከእንጉዳይ፣ ከዋልነት፣ ከኦይስተር ሳይቀር ካቻፕ ይሠሩ ነበር። የቲማቲም ካቻፕ አሠራር ለመጀመሪያ ጊዜ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1812 ነው። ያሳተመው ፊላደልፊያ ይኖር የነበረው ጄምስ ሚስ ነበር። የአሜሪካው ሄንዝ ኩባንያ የራሱን የቲማቲም ካቻፕ መሸጥ የጀመረው ደግሞ በ1876 ነው።

1 ኪሎ ቲማቲም ውስጥ 940 ግራም ያህሉ ውሃ ነው። ካቻፕ መሥራት ማለት ያንን ውሃ አብዛኛውን አስወጥቶ የቀረውን በአቸቶ፣ በስኳርና በጨው ማጣፈጥ ነው። ነገር ግን ውሃ ማስወጣት ብቻውን አይበቃም። የቀረውም ውሃ መታሰር አለበት። የሚያስረው ፔክቲን ነው፤ ማርመላታን የሚያረጋው ያው ፔክቲን።

እዚህ ላይ አንድ ስውር ሌባ አለ። ቲማቲም ሲቆረጥ ፔክቲንን የሚበጣጥሱ ኢንዛይሞች፣ ማለትም ለውጥ የሚያፋጥኑ ፕሮቲኖች፣ ይነቃሉ። ቲማቲሙን ሁሉ ከትፋችሁ ጎድጓዳ ሳህን ላይ አስቀምጣችሁ ሽንኩርት መላጥ ከጀመራችሁ እነሱ ሥራቸውን እየሠሩ ነው። እነዚህ ኢንዛይሞች ከ85 ዲግሪ በላይ በፍጥነት ሲሞቁ ይከስማሉ። ስለዚህ መጀመሪያ ድስቱን አግሉ፣ ጥቂት ቲማቲም ከትፋችሁ ጨምሩ፣ ሲፈላ ቀጣዩን ከትፋችሁ ጨምሩ። መፍላቱ እንዳይቋረጥ። ሁለቱንም መንገድ ሞክሬያለሁ። ከትፌ ያቆየሁት ለረጅም ሰዓት ተቀቅሎም ሳህን ላይ ውሃ ያቁር ነበር። ያ የእንግዳዬ ዳቦ ላይ የፈሰሰውም እሱ ነው።

ሲበስል በወንፊት አጥልላችሁ ልጣጩንና ፍሬውን ለዩ። ከዚያ ሰፊ ድስት ውስጥ፣ ለስለስ ባለ እሳት። ድስቱ ሲሰፋ እንፋሎቱ ቶሎ ይወጣል፣ ቲማቲሙም አይጠቁርም። አቸቶውን ወደ መጨረሻው ጨምሩት፤ ገና ከመጀመሪያው ከገባ ጣዕሙ ከእንፋሎቱ ጋር ይሄዳል።

መድረሱን እንዴት ታውቃላችሁ? በሰዓት አትለኩት። አንድ ማንኪያ ቀዝቃዛ ሳህን ላይ አድርጉና 1 ደቂቃ ጠብቁ። ከዚያ ሳህኑን አዘንብሉት። በካቻፑ ጠርዝ ቀጭን የውሃ ቀለበት ከወጣ ገና ነው። ካልወጣ አውርዱት። ስለ ካቻፕ ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የምትይዙ ከሆነ ይህቺን ሳህን ያዙ።

በግልጽ ልናገርና እኔ አብዛኛውን ጊዜ ከትኩስ ቲማቲም አልሠራም። ውሃውን ማባረሩን ለፋብሪካው ትቼ በቲማቲም ድልህ እጀምራለሁ። 170 ግራም ድልህ፣ 120 ሚሊ ሊትር ውሃ፣ 60 ሚሊ ሊትር አቸቶ፣ 3 የሾርባ ማንኪያ ስኳር፣ 1 የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ የነጭ ሽንኩርት ዱቄት፣ እንዲሁም በጣም ትንሽ፣ በቢላ ጫፍ የምትነሳ የቅርንፉድ ዱቄት። 15 ደቂቃ ለስለስ አድርጋችሁ አብስሉ። ቅርንፉዷን አትዝለሏት። "ካቻፕ ካቻፕ የሚል" የምንለው ሽታ በከፊል ከእንዲህ ዓይነት ቅመም የሚመጣ ነው። ስኳሩ ከበዛባችሁ ቀንሱት፤ የፋብሪካውም ቢሆን በ1 የሾርባ ማንኪያ 4 ግራም ያህል ስኳር ይይዛል።

የፋብሪካ ሶሶች ጠርሙስ ውስጥ ተገትረው ቆይተው ስትመቷቸው በድንገት የሚፈስሱት ለምን ይመስላችኋል? ሲነቀነቁ ይቀጥናሉ፣ ሲቀመጡ ይወፍራሉ። ይህን ጠባይ ከሚሰጡት ነገሮች አንዱ ዛንታን ገም የሚባል ነጭ ዱቄት ነው። ቤትም መጠቀም ይቻላል፣ ግን እጃችሁ እንዳይፈታ። ለግማሽ ኪሎ ሶስ 1 ግራም ይበቃል። ከበዛ ሶሱ እንደ ንፍጥ ይሳባል። ይቅርታ፣ የተሻለ ቃል አላገኘሁለትም። ብቻውን ጣል ካደረጋችሁት ስለሚጓጉል መጀመሪያ ከስኳሩ ጋር አደባልቁት።

ሰናፍጭና ነጭ ሽንኩርት፦ የሎሚው ሰዓት

የሰናፍጭ ፍሬ አንሱና አሽትቱ። ምንም አይልም። ዱቄቱንም ምላሳችሁ ላይ ብትነሰንሱ መጀመሪያ የሚሰማችሁ ምሬት ነው። የሚሰነፍጠው ነገር እዚያ ውስጥ ተሠርቶ አልተቀመጠም። ጥሬ ዕቃው በአንድ ክፍል፣ የሚሠራው ኢንዛይም በሌላ ክፍል ለየብቻ ተቆልፈው ነው ያሉት። ፍሬው ሲፈጭና ውሃ ሲነካው ይገናኛሉ። ያኔ ነው አፍንጫን የሚመታው፣ ዓይን የሚያስለቅሰው ነገር የሚወለደው።

ሞክሩት። 4 የሾርባ ማንኪያ የሰናፍጭ ዱቄት በ3 የሾርባ ማንኪያ ቀዝቃዛ ውሃ አቡኩ። ወዲያው ቅመሱ፦ ጭቃ ነው። 5 ደቂቃ ቆይታችሁ ቅመሱ፦ አፍንጫችሁ ውስጥ የሆነ ነገር ይንቀሳቀሳል። በ10 ደቂቃ መስኮት ትከፍታላችሁ። ኃይሉ እዚያ ጫፍ ላይ ደርሶ ከዚያ መውረድ ይጀምራል። ልክ በዚህ ሰዓት 2 የሾርባ ማንኪያ አቸቶና ቁንጥር ጨው ስትጨምሩበት ባለበት ይያዛል። አቸቶውን ከውሃው ጋር ገና ከመጀመሪያው ከጨመራችሁት ግን ኢንዛይሙ ሥራውን በደንብ አይጀምርም፤ ለዘብ ያለ ሰናፍጭ ታገኛላችሁ። በሙቅ ውሃ ካቦካችሁት ደግሞ ኢንዛይሙ ይሞታል፣ ከምሬት በቀር የሚተርፋችሁ የለም። አዲስ የተሠራ ሰናፍጭ መጀመሪያ መምረሩ ያለ ነው። በብልቃጥ ዘግታችሁ 2 ቀን ተዉት፣ ይለሰልሳል። በርገር ላይ የምናውቀው ደማቅ ቢጫ ቀለም ደግሞ በአብዛኛው የእርድ ነው።

ነጭ ሽንኩርትም ያው ነው። ሙሉው ፍሬ አይሸትም። ሲጨፈለቅ ነው ኢንዛይሙ የሚቀሰቀሰው። ስለዚህ ኃይለኛ የነጭ ሽንኩርት ማዮኔዝ ከፈለጋችሁ ጨፍልቃችሁ 10 ደቂቃ አቆዩት፣ ከዚያ ሎሚ። ሲበሉት ደስ የሚል ግን ማታውን ሙሉ የማይከተል ከፈለጋችሁ በቀጥታ የሎሚ ጭማቂ ውስጥ ጨፍልቁት። አንድ ዓይነት ነጭ ሽንኩርት፣ አንድ ዓይነት ሎሚ፣ የተለያየው ሰዓቱ ብቻ። ይህን ሳውቅ ምን ያህል ዓመት በዘፈቀደ ስሠራ እንደኖርኩ ገርሞኛል።

ነጭ ሽንኩርትን በዘይት ዘፍዝፎ ኩሽና መደርደሪያ ላይ ማቆየት ግን አደጋ አለው። ነጭ ሽንኩርት ቦቱሊዝም የሚባለውን ከባድ የምግብ መመረዝ የሚያመጣው ባክቴሪያ፣ ከአፈር የሚመጣ ዘር ሊኖርበት ይችላል። ዘይቱ አየር ይዘጋበታል፣ አሲድ የለም፣ ሙቀቱም ይመቸዋል። ባክቴሪያው መርዙን ለማምረት ሌላ ምን ይፈልጋል? ዘሩ በተራ ማፍላት አይሞትም፤ መርዙም በጠረን ወይም በጣዕም ራሱን ላያሳውቅ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1985 ካናዳ ቫንኩቨር ውስጥ በዘይት ከተቀመጠ የተከተፈ ነጭ ሽንኩርት 36 ሰዎች በቦቱሊዝም ታመዋል። የምትፈልጉትን ያህል ብቻ ሥሩ፣ ፍሪጅ ውስጥ አድርጉ፣ ከ4 ቀን በኋላ ድፉት።

መቀላቀል

ሦስቱ እጃችሁ ላይ ካሉ የበርገር ሶስ የ2 ደቂቃ ሥራ ነው። 6 የሾርባ ማንኪያ ማዮኔዝ፣ 2 ካቻፕ፣ 1 ሰናፍጭ፣ በአቸቶ ከተዘፈዘፈ ኪያር በደቃቁ የተከተፈ 2፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ፓፕሪካ (ለዘብ ያለ የቀይ በርበሬ ዱቄት)። ኪያሩን ከከተፋችሁ በኋላ በእጃችሁ ጨምቁት። ካልጨመቃችሁት ሶሱ ውስጥ ሆኖ ውሃውን ቀስ እያለ ይለቅና ጠዋት ወፍራም የነበረው ማታ ቀጥኖ ታገኙታላችሁ። የተጨመቀውን ውሃ አትድፉት፤ ሶሱ ጎምዘዝ ማለት ካነሰው በእሱ አስተካክሉ።

ቀላቅላችሁ ወዲያው ቀምሳችሁ አትፍረዱ። የነጭ ሽንኩርት ወይም የቀይ ሽንኩርት ዱቄት ከገባበት፣ ዱቄቱ ውሃ እስኪጠጣ ጊዜ ይፈልጋል። ግማሽ ሰዓት ስጡት። ፓፕሪካውን ደግሞ በ1 ማንኪያ ሞቅ ያለ ዘይት አርሱትና ሲበርድ ጨምሩት። ቀለሙም ሽታውም ስብ ውስጥ ነው የሚሟሟው። የሚያቃጥል ነገር ላይም ያው ሕግ ይሠራል። የቃሪያ ማቃጠል የሚሟሟው በስብ ነው። ማዮኔዝ ውስጥ ሲገባ መጀመሪያ የለዘበ ይመስላል፣ ቆይቶ ግን ይነሳል። አንድ ጊዜ ጨምሩ፣ ጠብቁ፣ ከዚያ ቅመሱ።

ማዮኔዝና ካቻፕ ብቻ ሲደባለቅ አርጀንቲና ውስጥ ሳልሳ ጎልፍ ይባላል። ፈጣሪው ሉዊስ ፌዴሪኮ ሌሎይር ነው ይባላል፤ ጎልፍ ክለብ ውስጥ ከጓደኞቹ ጋር ተቀምጦ የቀረበለት ሶስ ሰልችቶት። ይኸው ሰው እ.ኤ.አ. በ1970 የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት ወስዷል። ሽልማቱ ለሶሱ አልነበረም።

የቺዝ ሶስ

ቺዝ ሲቀልጥ ለምን አንዳንዴ ዘይት ተፍቶ እንደ ማስቲካ ይሆናል? ስቡንና ውሃውን የያዘው የፕሮቲን መረብ ነው። ሙቀቱ ሲበዛ መረቡ ይኮማተርና ሁለቱንም ጨምቆ ያስወጣቸዋል። መረቡን ያጠበቀው ካልሲየም ነው። እ.ኤ.አ. በ1911 ቫልተር ጌርበርና ፍሪትዝ ሽቴትለር የተባሉ ስዊዘርላንዳውያን በሲትሬት ጨው ካልሲየሙን አላልተው ሲቀልጥ የማይፈርስ ቺዝ ሠሩ። ዛሬ በርገር ላይ ለጥ ብሎ የሚቀልጠው ቅጠል ቺዝ የዚያ ዘር ነው።

ቤት ውስጥ ስታርች ይበቃል። 200 ግራም የተፈቀፈቀ ቺዝ ከ1 የሾርባ ማንኪያ የበቆሎ ስታርች ጋር እሹ። ውሃው ተቀንሶ በቆርቆሮ የታሸገ፣ ስኳር የሌለው ወተት 250 ሚሊ ሊትር አሙቁና ቺዙን ጨምሩ። በትንሽ እሳት እያማሰላችሁ፣ መወፈር እንደጀመረ አውርዱት። ለረጅም ጊዜ ተቀምጦ የቆየ ደረቅ ቺዝ ብቻውን ያስቸግራል፤ ከለስላሳው ጋር አቀላቅሉት።

ዳቦውና ችፕሱ ጋ ሲደርስ

ካቻፕና ሰናፍጭ ውሃ ናቸው። ማዮኔዝ በአብዛኛው ዘይት ነው። ይህን ካወቃችሁ ማን የት እንደሚቀመጥ ግልጽ ነው። ዳቦውን የሚነካው ማዮኔዙ ይሁን። ስቡ እንደ ዝናብ ልብስ ሆኖ የሥጋውንና የቲማቲሙን ውሃ ይመልስለታል። ካቻፑን ሥጋው ላይ አድርጉት። የዳቦው ውስጥ ገጽ ቀድሞ ከተጠበሰ ደግሞ ይበልጥ ይቋቋማል። ጥሬ ቲማቲም የምታደርጉ ከሆነ ቆርጣችሁ ጨው ነስንሱበትና 5 ደቂቃ ቆይታችሁ በወረቀት አድርቁት።

ችፕስ ላይ ሶስ ማፍሰስን በተመለከተ አቋም አለኝ፦ አይፈስስም። የችፕሱ ቅርፊት የሚንኮሻኮሸው ስለደረቀ ነው። ውሃ ያለበት ሶስ ሲነካው በጥቂት ደቂቃ ይላላል። ገና ሲጤስ ማዮኔዝ ከተደረገበት ደግሞ ሙቀቱ ማዮኔዙን ያፈርሰውና ዘይቱ ይንጠባጠባል። ለየብቻ አቅርቡት። ውፍረቱን ለመፈተን አንድ ችፕስ ነክራችሁ ወደ ላይ አንሱና እስከ 3 ቁጠሩ። ከተንጠባጠበ ቀጭን ነው።

ሶሱን ስታጣፍጡ በማንኪያ አትቅመሱት። በማንኪያ ልክ የመጣ ሶስ ችፕስ ላይ ሲደርስ ጨው ይበዛበታል፤ ችፕሱ የራሱ ጨው አለውና። በችፕስ ቅመሱት። ያኔ ብዙ ጊዜ የጎደለው ጨው አይሆንም፣ ሎሚ ነው። ከፍሪጅ የወጣ ሶስ ደግሞ ጣፋጭነቱም ሽታውም ይደበዝዛል። 10 ደቂቃ አስቀድማችሁ አውጡት። ግን ከ2 ሰዓት በላይ ውጭ አታቆዩት፣ በተለይ እንቁላል ወይም ወተት ያለበትን።

በቂ አቸቶ የገባበት ካቻፕ ፍሪጅ ውስጥ 3 ሳምንት ይቆያል፣ ሰናፍጭ ከዚያም በላይ። ይህ ግን ብልቃጡ ውስጥ የሚገባው ደረቅና ንጹህ ማንኪያ ብቻ ከሆነ ነው። የተነከሰ ችፕስ ተመልሶ ከተነከረበት ቆጠራው ፈረሰ። የሚበላውን ያህል በትንሽ ሳህን ቀድታችሁ ብልቃጡን እንግዶቹ ከመቀመጣቸው በፊት ወደ ፍሪጅ መልሱት።